የአቡ ሙሳዒድ ጥቁር መኪና

ነጭ መኪና ትዋሻለች። አቧራዋንም ጭረቷንም ደብቃ ከሩቅ ንጹሕ ትመስላለች። ጥቁር መኪና ግን የምትደብቀው ነገር የላትም። ሻካራ ጨርቅ የሳበው፣ የአሸዋ ቅንጣት የጫረው፣ የልጅ ጣት የዳሰሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ስትቆም ይወጣባታል። ከአቡ ዓሪሽ ከተማ መውጫ ላይ ባለው በያሕያ መኪና ማጠቢያ ጥቁር መኪና ስትገባ ሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ ነጭ ነጩን ይይዛሉ። ጥቁሯ ለሸረፈዲን ትቀራለች።

"ጋሽ ሸረፉ፣ ሙሽራህ መጣችልህ!" አለ መንሱር የውሃውን ጎማ እንደያዘ። መንሱር ወሎዬ ነው፤ ወጣት፣ ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን።

ጂምስ የሚሏት ትልቅ መኪና ነበረች። ረጅም፣ ሰፊ፣ ከአል-ዓሪዳ ተራራ በጠጠር መንገድ ወርዳ የመጣች። ጥቁር መሆኗ በጭንቅ ይለያል። ባለቤቷ አቡ ሙሳዒድ የሚባል፣ ጺሙ የሸበተ፣ በተራራው ላይ ከብት ያለው ሰው ነው። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወረደ። የልጁ የሙሳዒድ ሠርግ ደርሷል።

"ሙሽራው በዚህች ነው የሚሄደው" አለ። "ሰው ፊቱን እንዲያይባት አድርግልኝ።"

ሸረፈዲን ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነው። ከወሎ፣ ከቃሉ በኩል የመጣ፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ መሸበት የጀመረ። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማ የሚሉትን፣ አንድም ቀን ይዞ አያውቅም። ወደዚህ አገር የገባውም ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ተያዘ፤ ጣቶቹን መስታወት ላይ አስጭነው አሻራውን ወሰዱና በአውሮፕላን መለሱት። ሲሸኙት አንዱ መኮንን፣ ይህ አሻራ ዳግመኛ እዚህ ቢገኝ መጀመሪያ የሚያየው እስር ቤት መሆኑን ነግሮታል። እሱ ግን በየመን በኩል ተመልሶ ገባ። ከዚያ ፋጤን አገባ፤ ሙኒራ ተወለደች። አሁን ቢያዝ ሜዳ ላይ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ፋጤም ወረቀት የላትም፤ ልጅቷም ገና ጡት ላይ ናት። ስለዚህ የሸረፈዲን ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ ጋር፣ እዚሁ፣ ዓይን ሳይገባ መኖር።

ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አፈሩን አወረደ። አሸዋ ሳይወርድ ጨርቅ የሚያሳርፍ ሰው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደሚፈገፍግ ነው። ከዚያ በአረፋ አጠባት። ከዚያ እጁን ስስ ፌስታል ውስጥ አግብቶ በገላዋ ላይ አንሸራተተ፤ ባዶ እጅ የማያገኘውን ሻካራ ፌስታል ያገኘዋል። ደቃቅ ጠጠር የተዘራባት ያህል ነበረች። ለዚሁ የሚሸጥ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጭቃ አለ። እሱን በሳሙና ውሃ እያራሰ ከጣሪያዋ እስከ ወገቧ አሻት። ጭቃው በሄደበት ሁሉ ቡናማ ሆኖ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመወልወያው ማሽን። ፀሐይ የነካው ቆርቆሮ ላይ ማሽን አይያዝም፤ መድኃኒቱ ይደርቅና ቀለሙን ይበላዋል። በጥላው ውስጥ፣ ሙቀቱን በመዳፉ ጀርባ እየለካ፣ ሰፍነጉን እያሽከረከረ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሄደ። የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት መጀመሪያ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። በመጨረሻ ሰሙን ስስ አድርጎ ቀባት። የጂዛን አየር ከባሕሩ የተነሣ እርጥብ ነው፤ ሰም ቶሎ አይደርቅም። የቸኮለ ሰው ሳይደርቅ ይጠርገውና ያዥጎረጉረዋል። ሸረፈዲን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

"ምን ትጠብቃለህ? እስክትወልድ ነው?" አለ መንሱር።

"እስክትደርቅ።"

"እኔ እኮ እስካሁን ስንቱን ነጭ አወጣሁ!"

"ነጭማ ማን ያቅተዋል።"

"ኤዲያ፣ ደግሞ መናገር ስትጀምር!" ብሎ መንሱር ሳቀ።

ሰሙ ደረቀ። በለስላሳ ጨርቅ ሲያነሳው ጥቁሩ ከውስጥ መጣ። እንደ ጉድጓድ ውሃ፣ ጥልቅ ሆኖ። የማጠቢያው ጣሪያ ገባበት፤ የመንገዱ ማዶ ተምር ገባበት፤ የመንሱር ጥርስ ሳይቀር ገባበት። ሸረፈዲን ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሞ አያት። ረዘም ላለ ጊዜ አያት። በዚህ አገር ሲኖር ሠርቶ የቆመ የራሱ ነገር የለውም፤ ይህን ግን ሠርቷል።

አቡ ሙሳዒድ የመጣው እንደዚያ ቆሞ ሳለ ነው። ሙሽራው አብሮት ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ። ወደ መኪናዋ ቀርቦ በበሯ ላይ የራሱን ሻሽ አስተካከለ። ሸረፈዲን ደስ አለው። ከአፉ የማይወጣ ቃል ያን ቀን ወጣ።

"ወላሂ ቆንጆ ናት" አለ በተሰባበረ አረብኛው። "እንዲህ ያለ ጥቁር አይቼ አላውቅም። ሙሽራውም እንደሷ ያበራል!"

አቡ ሙሳዒድ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። "ማሻአላህ!" አለ ጮክ ብሎ። "ማሻአላህ፣ ተባረከላህ!" ሸረፈዲንን ትክ ብሎ አየው፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል። ሸረፈዲን ምን እንደሚጠብቅ አልገባውም። ፈገግ አለለት። ሰውየው ልጁን በክንዱ ይዞ መኪናዋ ውስጥ አስገባውና ሄዱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቡ ሙሳዒድ ብቻውን ተመለሰ። ጂምሷን ይዞ አይደለም፤ ከብት የሚጭንባትን አሮጌ ፒካፕ ይዞ ነው። የሚታጠብ ነገር አልነበረውም። ከፒካፑ ፔርሙስና አንድ ብርጭቆ አወረደ።

"ና፣ ሻይ ጠጣ" አለው ሸረፈዲንን።

ሸረፈዲን ዙሪያውን አየ። ባለመኪና ለአጣቢ ከቤቱ ሻይ ይዞ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። ይቅርብኝ ለማለት ግን አፍ የለውም። ተቀበለና ፉት አለ።

"መኪናዋ ደህና ናት?" አለ።

"መኪናዋ ደህና ናት።"

"ሙሽራውስ?"

"አልሐምዱሊላህ።" ሰውየው መሬት መሬት ያያል። ሻዩ ሲጋመስ እጁን ዘረጋ። "በቃህ። አትጨርሰው።"

ብርጭቆውን በሶፍት ከአፉ ጫፍ ይዞ ተቀበለው። ከነሻዩ ፌስታል ውስጥ አስገባ፣ አፉን ቋጠረ፣ እንዳይደፋ እግሩ አጠገብ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ነዳ።

ሸረፈዲን እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መንሱር አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ብርጭቆ ሰብሳቢ ነው እንዴ?"

ሸረፈዲን ጣቶቹን እያየ ነበር።

በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። የአቡ ሙሳዒድ የወንድም ልጅ ነኝ አለ። ጂምሷ የተወለወለችበትን ጨርቅ ጠየቀ። ሸረፈዲን ምን ያደርግልሃል አላለም፤ ሰጠው። ወጣቱ ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሸረፈዲን አሁን የዘጋውን ቧንቧ አየ፤ ከኪሱ እርጥብ ሶፍት አወጣና የቧንቧውን እጀታ ዙሪያውን ጠራርጎ ሶፍቱን እዚያው ፌስታል ውስጥ ጨመረ። አመስግኖ ሄደ።

"ብርጭቆ፣ ጨርቅ፣ ቧንቧ" አለ መንሱር። "ቀጥሎ አንተን ነው ፌስታል ውስጥ የሚከቱህ።" ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሻራህን እየለቀሙ ነው ጋሼ። ሌላ ምን ይሆናል?"

"አሻራዬን ምን ሊያደርግ? ሊያሲዘኝ ከፈለገ አንድ ጊዜ ስልክ ቢመታ አይቀለውም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። መኪናዋ ውስጥ ዕቃ ጠፍቶት ይሆናላ።"

"ከወንበሯ ሥር ያገኘሁት የልጅ ጫማና መቁጠሪያ ነው። ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀምጬለታለሁ።"

"እንግዲያስ እኔም ግራ ገብቶኛል።"

ሸረፈዲንም ግራ ገብቶታል። ያን ቀን ቀጥሎ የመጣችውን መኪና አንዱን በር ሁለቴ አጥቦ ሌላውን ረሳው። ሰው ሻይ አጠጥቶ ያሳስራል? ሌባ ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው መሬት መሬት እያየ ያናግራል? ነገሩን ከየትም ቢይዘው አልያዝለት አለ። አንዱ ነገር ግን ቁርጥ ነው። ጣቱ ያረፈበት ዕቃ ሰው እጅ ገብቷል። ጣቱ ደግሞ የተመዘገበ ጣት ነው።

ቤቱ ከሙዝ እርሻ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ፋጤ ሙኒራን አጥባ ቅባት ስትቀባት ደረሰ። ነገራት።

"ሰርቀሃል?" አለችው ቀና ሳትል።

"አልሰረቅሁም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጠናል?"

"አሻራዬን ካገኙት ስርቆቱን የሚጠይቀኝ የለም።"

ፋጤ ስትፈራ እጇ ይፈጥናል። ልጅቷን አለበሰች፣ ድስቷን በሻሽ ጠቀለለች፣ ልብሱን በአንሶላ ቋጠረች። በስተሰሜን፣ ደርብ በምትባል ከተማ፣ ከሚል የሚባል የአክስቷ ልጅ አለ፤ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። "እሱ ጋ እንሂድ" አለች። የሚያውቁት ሹፌር ጠዋት ሊመጣ ተስማማ።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሹፌሩ መስሏቸው ከፈቱ። አቡ ሙሳዒድ ነበር። የማጠቢያው ጌታ ያሕያ ከኋላው ቆሟል።

ሸረፈዲን ፖሊሶቹን ፈለገ። ከሰውየው ትከሻ በላይ መንገዱን አየ፤ የሙዙን ረድፍ አየ። ማንም የለም። አቡ ሙሳዒድ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሻሹ ተንሻፏል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

"ሸረፈዲን" አለ፣ "አንድ ነገር ልለምንህ መጥቻለሁ።"

ሸረፈዲን የሰማውን አላመነም። በዚህ አገር ተለምኖ አያውቅም።

"ልጄ ታሟል። መኪናዋን ከዚህ ከወሰድን ማግስት ጀምሮ በትኩሳት ይቃጠላል። ሠርጉም ቆሟል። ሐኪሙ የትንኝ ትኩሳት ነው ብሏል። እናቴ ግን ዓይን ነው ትላለች።" መሬት መሬት አየ። "ያንተ ዓይን።"

"የኔ?"

"መኪናዋንም ልጁንም አድንቀህ የአላህን ስም አልጠራህም። ጠብቄህ ነበር፤ አላልክም። ክፉ ነህ አላልኩህም። ሰው ዓይኑን አያዘውም። አገራችን ልማድ አለው፤ ባለ ዓይኑ የነካው ነገር ተነክሮ የታመመው ይታጠብበታል። የጠጣኸውን ሻይ፣ የያዝከውን ጨርቅ ነከርን። አልለቀቀውም። አሁን አንተው ታጠብና ውሃውን ስጠኝ።"

ሸረፈዲን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ብርጭቆው ፖሊስ ጣቢያ አልደረሰም! ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። ከዚያ የልጅነቱ ነገር ትዝ አለውና ሳቁ ጠፋ።

አባቱ ቀጥቃጭ ነበር። የመንደሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠራ፣ መንደሩ ግን ከወናፉ አልፎ ወደ ቤቱ የማይገባ። ሸረፈዲን ልጅ ሳለ በደጅ ሲያልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀበት። ቡዳ ይሏቸዋል። እዚህ ሲመጣ የገበሬ ልጅ ነኝ አለ፤ ለመንሱርም፣ ለፋጤም። ማን ሊያጣራ? ባሕር ተሻግሮ ያመለጠው ነገር ግን በማያውቀው ሰው አፍ፣ በሰው ቋንቋ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

አልኩ ወይስ አላልኩም? ሲል አሰበ። የአላህን ስም በሆዱ ብሎ ይሆናል። ብሎ ላይሆንም ይችላል። ያን ቀን ዓይኑ ጥቁሩ ላይ ነበር፤ ሌላውን አያስታውስም።

"ወላሂ ምንም አላደረግሁትም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ካላደረግሁት ውሃው ምን ይሠራለታል?"

"እሱን አላህ ያውቃል" አለ አቡ ሙሳዒድ። "እኔ አባት ነኝ። የተባልኩትን ሁሉ አደርጋለሁ።"

ያሕያ ከኋላ ሳል አደረገ። ያ ሳል ምን ማለት እንደሆነ ሸረፈዲን ይገባዋል። እንቢ ቢል ይህ አባት በዚህ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። እሺ ቢል ደግሞ ቡዳ መሆኑን በገዛ እጁ ማረጋገጡ ነው። ልጁ ከዳነ፣ ያሳመመው እሱ እንደሆነ ተመሰከረ። ካልዳነ፣ ከዚያ የባሰ ይመጣል። በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ጠፋው።

ፋጤ በአረብ ቤት ሠርታለች፤ አረብኛው ከሱ ይልቅ ይገባታል። የሙኒራን ሳፋ ይዛ ወጣችና እግሩ ሥር አኖረችው።

"ውሃ ነው" አለችው በአማርኛ። "ስጠው ይሂድ።"

ታጠበ። ፊቱን፣ እጁን እስከ ክርኑ፣ እግሩን። ያሕያ ራሱን አዙሮ ሙዝ ሙዙን ያያል። አቡ ሙሳዒድ ሳፋውን በሁለት እጁ አንሥቶ ውሃውን ጀሪካን ውስጥ ገለበጠ፤ ጠብታ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ፣ የዘምዘም ውሃ የያዘ ይመስል። ሹፌሩ ትንሽ ቆይቶ ደረሰ። ፋጤ አመስግና መለሰችውና ቋጠሮውን ፈታች። ከእንግዲህ ከማን ይሸሻሉ?

ልጁ ዳነ።

የትንኝ ትኩሳት ቀኑን ቆጥሮ ሲለቅ ሸረፈዲን አገሩም እዚህም አይቷል። ራሱንም ይዞት ለቆታል። ግን ልጁ ላብ አልቦት ምግብ የጠየቀው ውሃው በፈሰሰበት ዕለት ነው፤ ይህንንም ማንም አይክደውም። ሸረፈዲን ራሱ ሊክደው አልቻለም። ጠዋት ሲነሣ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ ይላል። ሥራ ላይ ሲውል ሐሳቡ ይለወጣል። ማታ የሚይዘው ያጣል።

ሠርጉ ሆነ። ጂምሷ ፉል የሚሉት ነጭ መዓዛማ አበባ ተደርድሮባት፣ ጥሩንባዋን እየነፋች በማጠቢያው ፊት አለፈች። አቡ ሙሳዒድ ቆሞ ወረደና ሸረፈዲንን አቀፈው። ሙክትም ላከለት። ሲያቅፈው ግን ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ደንበኞች መኪናቸውን አስገብተው ሸረፈዲንን ሲያዩ ሌላ አጣቢ ይጠራሉ። አንዱ ደግሞ ከጂዛን ድረስ ጥቁር መኪና ነድቶ መጣ። የአቡ ሙሳዒድን ያበራው የቱ ነው? አለ። ሲያሳዩት፣ "እሱው ይሥራልኝ፤ ነገር ግን አይያት" አለ።

"ሳያይ እንዴት ይሠራል?" አለ ያሕያ።

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።"

ያሕያ አሰበና ጥቁር መነጽር ገዝቶ መጣ። "ያ ሸረፍ፣ ይህን አድርግ። ሰው ልቡ ይረፍለት።" ሸረፈዲን አደረገው። በጥቁር መነጽር የጥቁር መኪና ጭረት አይታይም። የትኛው ሰም ደርቋል፣ የትኛው አልደረቀም፣ መለየት አቃተው። በጣቱ እየዳበሰ ሠራ። መኪናዋ ዥጉርጉር ሆና ወጣች። ባለቤቱ ግን ጮክ ብሎ ማሻአላህ እያለ፣ ደስ ብሎት ይዟት ሄደ። ሸረፈዲን መነጽሩን አውልቆ ከኋላዋ አያት። ግራ ገብቶት አያት።

መንሱር መቀለድ ተወ። ምሳ ሲቀርብ ከአንድ ሳህን ይበሉ የነበሩት፣ አሁን የራሱን በዳቦ ጠቅልሎ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

"አቦ ጋሼ፣ እኔ እንኳ አላምንበትም" አለ አንድ ቀን፣ ሳይጠየቅ። "ግን አገር ቤት አባትህ ምን ነበሩ ነው ያልከኝ?"

"ገበሬ።"

"አዎ፣ ገበሬ ብለኸኛል" አለ መንሱር፤ ዳቦውን ማየት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት የወታደሮች የጥበቃ መኪና ማጠቢያው ውስጥ ጥልቅ አለ። ወረቀት የሌላቸው ሁሉ በጀርባ አጥር ዘለሉ፤ መንሱርም ዘለለ። ሸረፈዲን ማሽኑን እንደያዘ ነበርና አልቻለም። ወታደሩ ወርዶ ወደ እሱ መጣ። "ኢቃማህን" አለ። ሸረፈዲን ማሽኑን አጠፋ። ይኸው፣ የፈራው ቀን ደረሰ። ያኔ ሹፌር ሆኖ የመጣው ሌላው ወታደር በመስኮቱ ተጣራ፤ "ተወው፣ ያ ነው! የአቡ ሙሳዒድን ልጅ በዓይኑ የወጋው!" አለ። ወታደሩ ሻሹን ሳብ አድርጎ ፊቱን ጋረደ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ገባ፣ ሄዱ።

ሸረፈዲን እዚያው ቆሞ ቀረ። ሲሸሸው የኖረው ነገር እሱን ሸሽቶ ሄደ። ደስ ሊለው ይገባል መሰለው። ደስታውን ፈልጎ አጣው።

ቤት ሲደርስ ለፋጤ ነገራት። "ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ማንም አይነካኝም" አለ። "ለዓይኔ ሲሉ አይነኩኝም። ታምኛለሽ?"

ፋጤ አልሳቀችም። ሙኒራን አቅፋ ተቀምጣለች።

"ዛሬ አበቡ መጥታ ነበር" አለች። አበቡ ጎረቤታቸው ናት፤ እሷም አራስ ናት። "ልጅሽን ከሙኒራ ጎን አስተኚ ብዬ እንደ ወትሮዬ ጠራኋት። ምን አደረገች መሰለህ? የልጇን ፊት ሸፈነች።"

"ከኔ እኮ ነው። እኔ ግን አልነበርኩም።"

"ካንተ አይደለም። ከሙኒራ ነው። የአባቷን ዓይን ወስዳ ይሆናል አለችኝ፤ አትቀየሚኝ እህቴ እያለች።"

ሸረፈዲን በሩ ላይ እንደቆመ ነበር። ተቀመጠ። የልጅቷን ፊት ሊያይ ፈለገ፤ ዓይኑ ግን ወደ ግድግዳው ሄደ። ዓይኑ እንዲህ ሲያደርገው ራሱንም ገረመው። በመጨረሻ የማይናገረውን ተናገረ።

"አባቴ ገበሬ አልነበረም። ቀጥቃጭ ነበር።"

ፋጤ አየችው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀኸኝ?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ በዱልዱም ቢላ ሽንኩርት ስከትፍ እኖራለሁ! አንድ ቀን ብትስልልኝ ምን ነበረበት?"

ስትቀልድ ነው ወይስ ተቆጥታ? ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። ሁለቱም ነበረበት።

"አንቺ ታምኛለሽ?" አላት።

"ምኑን?"

"ዓይኔን።"

"የኔን ልብ ትጠይቃለህ፤ የራስህስ?" አለች። "አንተ ታምናለህ?"

"አላውቅም" አለ። እውነቱን ነው።

"እንግዲያስ ስማኝ" አለች ልጅቷን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ። "ማንም አይነካንም አልክ። ልክ ነህ። እሷንም ማንም አይነካትም። አብሯት የሚጫወት አይኖርም፤ የሚያጫት አይኖርም። ባሕር ያሻገረህ ይሄው ከሆነ፣ እሷ ወዴት ትሻገር?"

"ደርብ ማንም አያውቀኝም። እንደ ማንኛውም ሰው ይይዙኛል።"

"እንደ ማንኛውም ሰው" አለች ፋጤ። "እሱን ነው የምልህ።"

ሸረፈዲን ሁለቱንም ዓይነት ፍርሃት ያውቃቸዋል፤ የትኛው እንደሚብስ ግን ሚዛን የለውም። ልጅቷ የሚነካት ጠፍቶ ስታድግ ታየው። ያኔ ተነሥቶ አንሶላውን ዘረጋና ድስቷን መሐል አስቀመጠ።

መንሱርን ሄዶ ተሰናበተው። መንሱር እጁን ለመዘርጋት አመነታ፤ ከዚያ ዘረጋ። "አብሽር ጋሼ" አለ። ሸረፈዲን ጥቁሩን መነጽር ለያሕያ መለሰ።

በጠዋት ተነሡ። ሹፌሩ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ነዳ። ሸረፈዲን ከኋላ፣ ሙኒራ ጭኑ ላይ፣ ፋጤ አጠገቡ። ደርብ ሳይደርሱ መንገዱ ላይ ፍተሻ ቆሟል። አዲስ ነው፤ ሹፌሩም አያውቀውም። መመለሻ የለም፤ ኋላቸው መኪና ሞልቷል። ፋጤ የሸረፈዲንን ጉልበት ያዘች።

ወታደሩ ወጣት ነበር። ሹፌሩን አናገረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በኋላው መስኮት ገባ ማለት ይቻላል፤ የሸረፈዲንን ፊት ፊት ለፊት አየው። ሳይሸሽ፣ ሳይጋረድ፣ ሰው ሰውን እንደሚያየው። ሸረፈዲን ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ዝቅ ቢያደርግ ጥፋተኛ ይመስላል፤ ቀና ቢል ደግሞ... ቀና አለ። ተያዩ።

"ልጅህ ናት?"

"ልጄ ናት።"

ወታደሩ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ የሙኒራን ጉንጭ በጣቱ ነካ። ልጅቷ ጣቱን ያዘችው፤ አልለቅ አለችው። ኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ነፉ። ወታደሩ ጣቱን አስለቅቆ ጣሪያውን በመዳፉ መታ።

"ያላ፣ እለፉ።"

ሹፌሩ ነዳ። ለምን እንዳለፉ ሸረፈዲን አልገባውም። ነገ ወይም በሌላ ቀን፣ በሌላ ፍተሻ፣ እንዲሁ እንደማያልፉ ያውቃል። ልጅቷን ወደ ራሱ አዞራትና አያት። ፊቷን ሁሉ፣ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን አያት። እሷም አየችው። ፋጤ እያየቻቸው ነበር፤ የልጅቷን ፊት አልሸፈነችም።